በማመልከቻ፣ በውልና በምስክርነት ቃል የሚያጋጥሙ ዘይቤያዊ አነጋገሮች፦ ፍቺያቸውና የሚያስከትሉት ውጤት

በዕለት ተዕለት ንግግራችን የምንጠቀምባቸው ቃላት ሁልጊዜ የመዝገበ ቃላት ፍቺያቸውን ብቻ ይዘው አይገኙም። «እጅ አጠረው» የሚባል ሰው ሁለቱም እጆቹ ሙሉ ናቸው፤ «ሆደ ሰፊ» የሚባለውም በቀበቶው ልክ አይለካም። የቋንቋ ባለሙያዎች ቃሉ በቀጥታ የሚያመለክተውን ፍቺ እማሬያዊ፣ በንጽጽር ወይም በልማድ የያዘውን ተጨማሪ ፍቺ ደግሞ ፍካሬያዊ ይሉታል። ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ በሁለቱ ፍቺዎች መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የድምፅ ቃና፣ የፊት ገጽታና የቆየ ትውውቅ ይሞሉታል። ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ፣ በፖሊስ ጣቢያ የሚሰጥ ቃል ወይም በጎረቤት ፊት የተፈረመ ውል ግን ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ወረቀቱ ላይ ብቻውን ይቀራል። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚያነበው ሰው ጸሐፊውን አያውቀውም።

ይህ ጽሑፍ ከፍትሕና ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጋር በተያያዙ ጉዳዮች ዘይቤያዊ አነጋገር የተገልጋዩን መብት እንዴት እንደሚነካ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ሕጎች ለግንዛቤ ያህል የቀረቡ ስለሆኑ በተለየ ጉዳይ ላይ የሕግ ባለሙያ የሚሰጠውን ምክር አይተኩም።

የዘይቤ ዓይነቶች በአጭሩ

በትምህርት ቤት የምናውቃቸው የዘይቤ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። «እንደ» በሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን የሚያመሳስለው አነጻጻሪ ይባላል። «እንደ» ተትቶ «ሰውየው ጅብ ነው» ሲባል ተለዋጭ ይሆናል። ግዑዙን ነገር እንደ ሰው የሚያናግርና የሚያስኬደው ሰውኛ፣ ነገሩን ከመጠኑ በላይ የሚያገዝፈው ግነት፣ በማመስገን ቃል የሚነቅፈው ምጸት ይባላል። ከእነዚህ በተጨማሪ ቃላቱ ተነጣጥለው ቢፈቱ ትርጉም የማይሰጡ፣ ተጣምረው ግን አንድ ፍቺ የሚይዙ ፈሊጣዊ አነጋገሮች አሉ። ነውር ወይም ሐዘን ያለበትን ነገር በለዘበ ቃል የመሸፈን ልማድም አለ። በመሥሪያ ቤት አገልግሎት ችግር የሚያስከትሉት በአብዛኛው እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱና ግነት ናቸው። ምጸት በጽሑፍ ማመልከቻ ብዙ አይታይም፤ ቢታይም አንባቢው የተጻፈውን እንዳለ ስለሚወስደው ጸሐፊውን አይጠቅመውም።

«ገንዘቤን በላኝ»

በአቤቱታዎች ውስጥ «በላ» የሚለውን ግስ ያህል ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ተበድሮ ያልመለሰ በላ ይባላል። ለሌላ እንዲያደርስ የተሰጠውን ለራሱ ያደረገም በላ ይባላል። በሐሰተኛ ወሬ አታልሎ የወሰደ፣ ከኪስ የሰረቀ፣ የዕቁብ ገንዘብ ይዞ የተሰወረ፣ ሸሪኩን ከትርፍ ድርሻው ያስቀረ፣ ሁሉም «በላ» ነው። ተናጋሪው የደረሰበትን በደል ምሬት ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ቃል የለውም። ሕጉ ግን እነዚህን ድርጊቶች በአንድ ስም አይጠራቸውም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ እምነት ማጉደልን በአንቀጽ 675፣ አታላይነትን በአንቀጽ 692 ለየብቻ ይደነግጋቸዋል። ለስርቆት ንብረቱ ከባለቤቱ መወሰዱ መታየት አለበት። ለእምነት ማጉደል ግን ንብረቱ አስቀድሞ በአደራ ወይም ለተወሰነ ተግባር ለተከሳሹ መሰጠቱ ሊታወቅ ይገባል። በአታላይነት ደግሞ ባለቤቱ ገንዘቡን በገዛ እጁ የሰጠው በሐሰት ነገር ተታልሎ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ቀላል ብድር ተበድሮ አለመክፈል በበኩሉ በመሠረቱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ ማስረጃ እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል።

ስለሆነም «50,000 ብር በላኝ» ብሎ ለፖሊስ ያመለከተ ሰው ጉዳዩ በወንጀል ይታይ ወይስ በፍትሐ ብሔር የሚለውን መርማሪው እንዲገምት ትቶለታል። ገንዘቡ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ፣ ለምን ዓላማ እንደተሰጠ፣ ሲሰጥ ምን እንደተባለ፣ የመመለሻ ጊዜ ተቆርጦ እንደነበርና እንዳልነበረ በተራ ቃል ቢጻፍ ግን «በላ» የሚለው ቃል ጨርሶ ባይጠቀስም ጉዳዩ ወደሚገባው መንገድ ይሄዳል። ይህ ልዩነት አንዳንዴ የወራት ምልልስ ያስቀራል።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው «ሰጠሁት» የሚለው ቃል ነው። «ቤቴን ሰጠሁት» ማለት አከራየሁት፣ አዋስኩት፣ እንዲጠብቅልኝ አስቀመጥኩት ወይም በስጦታ አስተላለፍኩለት ማለት ሊሆን ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2443 መሠረት በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በማመልከቻ ላይ «ሰጠሁት» ብሎ መጻፍ ላልተደረገ ስጦታ ማስረጃ ባይሆንም ለክርክር በር መክፈቱ አይቀርም።

የዝምድና ቃላት

አማርኛ ተናጋሪ ኅብረተሰብ በዝምድና ቃላት ለጋስ ነው። የአጎት ልጅ ወንድም ይባላል፤ ጎረቤት አክስት ትሆናለች፤ አብሮ አደግ «የእናቴ ልጅ» ተብሎ ይጠራል። አያቱ ያሳደጉት ልጅ አያቱን «አባዬ» እያለ፣ ስሙንም በእሳቸው ስም እያስከተለ ያድጋል። በአንዳንድ አካባቢዎች የጡት ልጅ የመሆን ልማድ አለ። ይህ ሁሉ የመከባበርና የመደጋገፍ ምልክት ስለሆነ እንዲቀር የሚጠይቅ የለም። ቅጽ በሚሞላበት ጊዜ ግን «ወንድም» በሚለው ቦታ መግባት ያለበት በአባት፣ በእናት ወይም በሁለቱም የሚገናኝ ሰው ብቻ ነው።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ኑዛዜ ሳይተው በሞተ ሰው ውርስ በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠሩት ልጆቹ ናቸው። የእህቱን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሳድጎ «ልጄ» ሲለው የኖረ ሰው ሲሞት ያ ልጅ በልጅነት ወራሽ የሚሆነው በጉዲፈቻ የተወሰደ ከሆነ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 194 ደግሞ የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በቀር ውጤት እንደሌለው ይደነግጋል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ተገልጋዩ በሚኖርበት ክልል የሚሠራበትን ሕግ መጠየቅ ይኖርበታል። መንደሩ ሁሉ ልጅነቱን ቢመሰክር እንኳ ምስክሮቹ የሚናገሩት ፍቅርን ነው፤ ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ግን ሰነድ ነው።

በውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶቻቸው ጋር ለመገናኘት የሚያመለክቱ ቤተሰቦችም በዚሁ ቃል ይቸገራሉ። በማመልከቻው ላይ «ወንድሜ» ተብሎ የተጻፈው የአጎት ልጅ ሰነዱ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም የአንድ እናትና አባት ልጅ ተደርጎ ይቀመጣል። የሁለቱ የልደት ምስክር ወረቀት ደግሞ የተለያዩ ወላጆችን ስም ይዞ ይቀርባል። በዚህ ጊዜ መርማሪው የሚያየው የባህል ልዩነትን ሳይሆን የሰነድ መጋጨትን ነው። «የአባቴ ወንድም ልጅ» ብሎ መጻፍ ሦስት ቃላት ብቻ ይፈጃል።

ሐዘንን የሚሸፍኑ ቃላት

ሞትን በስሙ አለመጥራት ጨዋነት ነው። አረፈ፣ ተለየ፣ ከዚህ ዓለም ተሰናበተ፣ አጣነው እንላለን። ከእነዚህ ውስጥ «ተለየ» ለመዝገብ እጅግ አስቸጋሪው ነው። «ባለቤቴ ከተለየኝ ሦስት ዓመት ሆነው» የሚል ማመልከቻ ሦስት ፍቺ ይሸከማል፤ ባልየው ሞቷል፣ ተፋተዋል፣ ወይም ትቷት ሄዶ አድራሻው ጠፍቷል። ሦስቱም የሚጠይቁት ሰነድ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የሞት ምዝገባ፣ ሁለተኛው የፍቺ ውሳኔና ምዝገባ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ስለ ሰውየው ወሬ ሳይሰማ ሁለት ዓመት ካለፈ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጉዳይ ነው።

«ባለቤቴ» የሚለው ቃልም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። ቃሉ በአንድ በኩል የትዳር ጓደኛን፣ በሌላ በኩል የንብረት ባለመብትን ያመለክታል። «የቤቱ ባለቤት ተስማምታለች» የሚል ዐረፍተ ነገር በኪራይ ውል ላይ ቢገኝ የተስማማችው ቤቱ በስሟ የተመዘገበላት ሴት ናት ወይስ የአከራዩ ሚስት? በሰነድ ላይ «ሚስቴ»፣ «ባሌ» ብሎ መጻፍ ንቀት የሚመስላቸው ተገልጋዮች አሉ፤ ነገር ግን የቤተሰብ ሕጉ ራሱ የሚጠቀመው ባልና ሚስት በሚሉት ቃላት ስለሆነ መሣቀቅ አያስፈልግም።

የኑዛዜ ቃል

ዘይቤያዊ አነጋገር እጅግ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍለው በኑዛዜ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ተናዛዡ ተመልሶ ሊጠየቅ አይችልምና። «ቤቴን ለታላቁ ልጄ አደራ ብያለሁ» የሚል ቃል ቤቱን አውርሸዋለሁ ማለት ነው ወይስ ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ይጠብቅላቸው ማለት? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 910 ኑዛዜው አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ከኑዛዜው ከራሱ ወይም ከሌሎች ሁኔታዎች በሚታየው የተናዛዡ አሳብ መሠረት እንደሚተረጎም፣ ቃሉ ግልጽ በሆነ ጊዜ ግን ከእሱ ወጥቶ ሌላ አሳብ መፈለግ እንደማይቻል ይደነግጋል። አጠራጣሪው ቃል ለዳኛው ሥራ፣ ለልጆቹ ደግሞ ጠብ ያተርፋል።

በቁጣ የሚነገሩ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። ልጁን የተቀየመ አባት «እሱ ለእኔ ሞቷል»፣ «ከአብራኬ አልወጣም» ይላል። ይህን በኑዛዜው ላይ ቢያጽፈው ልጁን ከውርስ ነቅሎታል ማለት ነውን? አንቀጽ 938 ተወላጅን ከውርስ መንቀል ውጤት የሚኖረው ተናዛዡ የነቀለበትን ምክንያት በኑዛዜው ውስጥ ሲገልጽ መሆኑን ያስቀምጣል። «ሞቷል» ምክንያት አይደለም፤ የምሬት ግነት ነው። በተቃራኒው «ለእኔ ዓይኔ ነው» የተባለለት የወንድም ልጅ በዚያ ቃል ብቻ ምንም አያገኝም።

በቃል የሚደረግ ኑዛዜ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሕጉ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረውን የመጨረሻ ፈቃድ የቃል ኑዛዜ ብሎ ይቀበለዋል። በዚህ መንገድ ሊወሰን የሚችለው ግን ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችንና ለአካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን አሳዳሪና ሞግዚት የሚመለከት ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ኑዛዜው ይቀራል። አልጋ አጠገብ የነበሩ ምስክሮች «እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» ከሚሉ ቃል በቃል የሰሙትን ቢናገሩ ለሟችም ለወራሾችም ይበጃል።

ዛቻና ስድብ

«አፈር አስግጥሃለሁ»፣ «ደምህን እጠጣለሁ»፣ «ዋ! ታያለህ»። ከሦስቱ የትኛው ነው ከባዱ ዛቻ? ሁለተኛው ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የንዴት ግነት ነው። ሦስተኛው ለስላሳ ነው፤ የተናገረው ሰው በእጁ መሣሪያ ከያዘ ወይም ከዚህ ቀደም ጉዳት ያደረሰ ከሆነ ግን ከሁሉም የከፋ ሊሆን ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 የተደነገገው የማስፈራራት ወንጀል የሚመዘነው ቃሉ በተበዳዩ ላይ ባሳደረው ከባድ ሥጋትና በተነገረበት ሁኔታ እንጂ በቃሉ ጩኸት አይደለም።

ስለዚህ ለፖሊስ ቃል የሚሰጥ ሰው «ሊገድለኝ ዛተ» ብሎ ከማጠቃለል ይልቅ የተነገረውን ቃል እንደተነገረ፣ ስድብም ቢሆን ሳያፍር፣ ማስመዝገብ ይገባዋል። ቃሉ በሌላ ቋንቋ ከተነገረ በዚያው ቋንቋ ይናገረውና ከዚያ ይተርጉመው። በተመሳሳይ መንገድ «ገደለኝ»፣ «ጨረሰኝ» የሚሉ የምሬት ቃላት የደረሰውን ጉዳት አይነግሩም። በምን ተመታ፣ የት ላይ፣ ስንት ጊዜ የሚለው ግን ከሕክምና ማስረጃው ጋር ይገናዘባል።

ሕጉ ራሱ የሚጠቀምባቸው ዘይቤዎች

ተገልጋዩ ግልጽ ቃል እንዲጠቀም ሲጠየቅ መሥሪያ ቤቶችና ሕጎች ከዘይቤ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። ኩባንያ ወይም ማኅበር «የሕግ ሰውነት» አለው ሲባል ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ ትርጉሙም በራሱ ስም ንብረት ማፍራት፣ መክሰስና መከሰስ ይችላል ማለት ነው። ቼክ «በቂ ስንቅ የለውም» ሲባል ለመንገደኛ የሚቋጠረው ስንቅ ለባንክ ሒሳብ ተውሶ ነው፤ በተለምዶ «ደረቅ ቼክ» የሚባለውም ይኸው ሲሆን የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 693 ይቀጣዋል። «ይርጋ» ከረጋ የመጣ ቃል ነው፤ የናወጠ ነገር እንደሚረጋ ሁሉ መብቱን በጊዜው ያልጠየቀ ሰው ክርክር ይረጋበታል። ለውል ጉዳዮች የተለየ ድንጋጌ ከሌለ ጊዜው በአንቀጽ 1845 መሠረት አሥር ዓመት ነው። «እጅ ከፍንጅ» ደግሞ ከመንደር ወሬ ወደ 1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 19 ገብቶ ወንጀል ሲሠራ፣ ሊሠራ ሲሞክር ወይም እንደሠራ ወዲያውኑ የተያዘን ሰው የሚመለከት ቁርጥ ያለ ፍቺ አግኝቷል። በመንደር ወሬ የተሰረቀ ዕቃ ከሳምንት በኋላ ቤቱ የተገኘበት ሰውም «እጅ ከፍንጅ ተያዘ» ይባላል፤ በሕጉ ግን አይደለም።

ተገልጋዮችን የበለጠ የሚያደናግረው «መዝገቡ ተዘግቷል» የሚለው አነጋገር ነው። መዝገብ በፍርድ ሊዘጋ ይችላል። ተከራካሪዎች በቀጠሮ ቀን ባለመቅረባቸውም ሊዘጋ ይችላል። የመጀመሪያው ወደ ይግባኝ፣ ሁለተኛው ክሱን እንደገና ወደ ማቅረብ ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱም የጊዜ ገደብ አለ። ይህ ቃል የተነገረው ሰው «በምን ምክንያት?» ብሎ መጠየቅና የትእዛዙን ግልባጭ መውሰድ አለበት። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው»፣ «ነገ ተመለስ» የሚሉት ደግሞ ዘይቤ ከሆኑ ቆይተዋል። ተገልጋዩ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለና ለየትኛው ቀን እንደተቀጠረ ሲጠይቅ መልስ የመስጠት ግዴታ የአገልጋዩ ነው።

የተለሳለሰ ጉቦ

«ሻይ ቡና ማለት»፣ «እጅ ማራስ»፣ «በእጅ መሄድ»። ማንም «ጉቦ አምጣ» ብሎ አይጠይቅም፤ ጠያቂው ኋላ «ቀልዴን ነው» ብሎ የሚያመልጥበትን ቃል ይመርጣል። «እጅ መንሻ» ዱሮ ለታላቅ ሰው በክብር የሚቀርብ ስጦታ ነበረ፤ ዛሬ በመሥሪያ ቤት ሲነገር ሌላ ነገር ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚመለከተው ጥቅሙን እንጂ የተጠራበትን ስም አይደለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ሰው ጥቆማ ሲሰጥ የተነገረውን ሐረግ ሳይተረጉም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ከዚያ በፊት በአገልግሎቱ ላይ የተነሣውን ምክንያት ጨምሮ ቢያስመዘግብ ሐረጉ ምን ለማለት እንደተነገረ ሁኔታው ራሱ ያሳያል።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ»፣ «አፈር ስሆን» የሚሉ የልመና ቃላት በማመልከቻዎች ይበዛሉ። ጨዋነትን ያሳያሉ፤ የሚጠየቀው አገልግሎት ግን መብት ከሆነ ምንም አይጨምሩለትም። «እጅ አጥሮኝ የዳኝነት መክፈል አልቻልኩም» የሚል አመልካችም በደሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት የሚያግዘው የገቢውና የንብረቱ ዝርዝር ነው።

ምስክርና አስተርጓሚ

ምስክር «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ሲል በቀጥታ አይቻለሁ ማለቱ ነው፤ ብረት የለበትም። «ይህን ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ሲልም ይምላል። እነዚህ ቃል በቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ቢመለሱ ሰሚው ግራ ይጋባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት የፍርዱ ሂደት በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። አስተርጓሚው የሚያስተላልፈው የቃላቱን ቅርጽ ሳይሆን ፍቺያቸውን ነው፤ ፈሊጡ ሁለት ፍቺ ካለው ግን በራሱ ምርጫ አንዱን ከመውሰድ ዳኛውን አስፈቅዶ ተናጋሪውን መጠየቅ ይኖርበታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 ሐሰተኛ ምስክርነትን ብቻ ሳይሆን ሐሰተኛ ትርጉምንም ይቀጣል።

ቃል የሰጠ ሰው የጽሑፉ ግልባጭ ሲነበብለት ዝም ብሎ ከመፈረሙ በፊት የተናገረው ፈሊጥ በምን ቃል እንደሰፈረ ያድምጥ። «ሸሸ» ያለው «ተሰወረ»፣ «ገፋ አደረገኝ» ያለው «ደበደበኝ» ተብሎ ከተጻፈ ሳይፈርም ማስታረም ይችላል። ማንበብ የማይችል ከሆነም እስከ መጨረሻው እንዲነበብለት ይጠይቅ።